ጥያቄና መልስ፦ አንዷም ያላመለጠችው ጆ ቶማስ

የአሜሪካን ፉትቦል ላይንማን ሕይወት ምን ይመስላል ብላችሁ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል። በምወደው ተጫዋች፣ በክሊቭላንድ ብራውንሱ ጆ ቶማስ በኩል ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ላይንማን ኳስ ካልያዘ ሥራው ምንድን ነው?

ኳርተርባኩን፣ ማለትም ኳሱን የሚወረውረውን መሪ ተጫዋች፣ መጠበቅና ኳስ ይዞ ለሚሮጠው መንገድ መክፈት። አምስት ሆነው ከፊት ይሰለፋሉ። ጆ የግራ ታክል ነበር፤ ከአምስቱ በግራ ዳር የሚቆመው። በቀኝ እጁ የሚወረውር ኳርተርባክ ሊወረውር ሲዞር ጀርባውን ለግራው በኩል ይሰጣል። ከዚያ የሚመጣበትን አያይም። ታክሉ ከተሸወደ አለቀለት። ቪዲዮ ክፈቱና የጆ ቶማስን እግር ብቻ እዩ። ኳሱ ሲነሳ ግራ እግሩ ወደ ኋላ ይረግጣል፣ ቀኙ ሣሩን እየታከከ ይከተላል። ጀርባው ቀጥ፣ እጆቹ ደረቱ ፊት። አይቸኩልም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ስንት ዋንጫ የበላ ላይንማን እያለ ለምን እሱን መረጥክ?

ስላልቀረ ነዋ! በ2007 ገብቶ 10,363 ጨዋታ በተከታታይ ሜዳ ውስጥ ነበር። ጨዋታ የምለው ኳሱ ተነስቶ እስኪቆም ያለችውን እያንዳንዷን ቅጽበት ነው። ለአንዷም አልወጣም። በዚያ ጊዜ ስድስት ዋና አሠልጣኞች ተቀያየሩ። 20 ኳርተርባኮች በቋሚነት ተሰልፈው ጀመሩ። ብራውንስ በ2016 ከ16 ግጥሚያ አንዱን ብቻ አሸነፈ፤ በ2017 ጭራሽ ምንም። ጆ አንድም የፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ለዋንጫ የሚደረግ) ግጥሚያ ሳይጫወት፣ የዓመቱ ምርጦች ለሚጠሩበት ለፕሮ ቦውል 10 ጊዜ ተመረጠ። ውጤቱ ካለቀለት በኋላም እንደ መጀመሪያው ደቂቃ እግሩን አስተካክሎ ሲቆም ሳይ ልቤ ይነካል።

ጥያቄ፦ በድራፍቱ፣ ክለቦች በየተራ አዲስ ተጫዋች በሚመርጡበት ቀን፣ ዓሣ ያጠምድ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ኒው ዮርክ መድረክ ላይ ከመቆም ይልቅ ከአባቱ ጋር ሚሺጋን ሐይቅ ላይ ጀልባ ውስጥ መዋል መረጠ። በ3ኛ ደረጃ ተመረጠ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምን አቆመው?

ኦክቶበር 22 ቀን 2017፣ ከቴኔሲ ታይታንስ ጋር ሲጫወቱ ግራ ክንዱን ይዞ ወደቀ። የክንዱ የኋላ ጡንቻ ተበጥሶ ነበር። ሰው የሚገፋው በዚያ ጡንቻ ነው። በቀጣዩ ማርች ጫማውን ሰቀለ።

ጥያቄ፦ ያ ሁሉ ኪሎስ የት ይገባል?

140 ኪሎ አካባቢ ሆኖ ለመቆየት መብላትም ሥራው ነበር፤ ራበው አልራበው። ካቆመ በኋላ ከ20 ኪሎ በላይ ቀነሰ። ፎቶውን ስታዩ ታናሽ ወንድሙ ነው የሚመስላችሁ።

ጥያቄ፦ የፉትቦል ታላላቆች የሚከበሩበት የዝና አዳራሽ ገባ?

በ2023 ገባ፣ ልክ መመረጥ በሚችልበት በመጀመሪያው ዓመት። አዳራሹ ካንተን ኦሃዮ ነው፤ ከክሊቭላንድ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል።