ልጄ ጎረቤት ቤተ ክርስቲያን የሚያዘጋጀው ሃሎዊን ላይ ቢሄድ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? የምንኖረው ሚኒሶታ፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ሰፈራችን ያለው የሉተራን ቤተ ክርስቲያን በሃሎዊን ማታ የከተማውን ልጆች ይጠራል። ምእመናኑ ፓርኪንጉ ላይ የመኪናቸውን የኋላ በር ከፍተው፣ በዱባና በመብራት አስጊጠው ከረሜላ ያድላሉ። የሰባት ዓመት ልጄ ካልሄድኩ ብሎ ያለቅሳል። ባለቤቴ ደግሞ «የሰይጣን በዓል ነው» ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እኔ ልጁ ይሂድ ባይ ነኝ። አንቺም አብረሽው ሂጂ።

ባለቤትሽ ግን ከመሬት ተነሥቶ አልተናገረም። ምዕራባውያን ኖቬምበር 1 ቀን የቅዱሳንን ሁሉ በዓል ያከብራሉ፤ ሃሎዊን የዚያ ዋዜማ ነው። በአየርላንድ ደግሞ በዚያው ሰሞን፣ መከር ሲያልቅ፣ የሙታን መናፍስት ይመጣሉ የሚል የቆየ እምነት ነበር። ሁለቱ ተቀላቀሉ። አይሪሾች ሲሰደዱ ልማዱን ይዘውት አሜሪካ ገቡ። ዛሬ በየሱቁ ተሰቅሎ የምታዪው አፅምና ጠንቋይ ነው፤ ቅዱሳኑን የሚያስታውስ የለም። ባለቤትሽን ያስደነገጠው ይሄ ነው። ጨርሶ አይሂድ የሚሉ መምህራንም አሉ፤ አልፈርድባቸውም።

እኔ የማየው ልጁ እዚያ ሄዶ የሚያደርገውን ነው። የቆሮንቶስ ክርስቲያኖች «ለጣዖት የተሠዋ ይሆን?» ብለው በገበያ ሥጋ ሲጨነቁ ቅዱስ ጳውሎስ ሳትመራመሩ ብሉ አላቸው። እዚያው 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 10 ላይ ግን ከአጋንንት ማዕድ እንዳይካፈሉ አጥብቆ ከልክሏል። ከጎረቤት እጅ ከረሜላ መቀበል የአጋንንት ማዕድ አይደለም። በቡሄ የእኛ ልጆች በየደጁ «ሆያ ሆዬ» ብለው ሙልሙል ይቀበሉ የለ?

ጉዳዩ ያለው ልጆቹ በዚያ ማታ ሌላ ነገር ለመምሰል የሚለብሱት ልብስ ላይ ነው። ልጅሽ በ40 ቀኑ ሲጠመቅ ክርስትና አባቱ ወደ ምዕራብ ዞሮ ስለ እሱ ሰይጣንን ክዷል። ታዲያ የካደውን ቀንድና ጅራት ገዝተሽ አታልብሺው። ደም የተቀባ ሬሳና ጠንቋይም እንዲሁ። አንበሳ ይሁን፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ይሁን፣ ምርጫው ሞልቷል። አንዳንድ ወላጆች ደግሞ «መንፈሳዊ እናድርገው» ብለው ልጁን እንደ ዲያቆን ካባ አልብሰው፣ መስቀል አስይዘው ይልካሉ። ኧረ በፍጹም! ልብሰ ተክህኖ የቅዳሴ ነው። እንዲያውም እውነቱን ልንገርሽ፣ ከቀንዱ ይልቅ እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ቀንዱን የሚያደርገው ሰው ቢያንስ ቀልድ መሆኑን ያውቃል።

ዝግጅቱ ወደ አዳራሽ ገብቶ የአምልኮ ፕሮግራም ከሆነ አመስግናችሁ ውጡ። ሰዎቹን መናቅ አይደለም፤ እኛ አብረን የምንጸልየው አብረን ከምንቆርበው ጋር ነው። ለከረሜላው ምስጋና ግን አይቅርባቸው። ጎረቤቶችሽ ናቸው፣ ነገም ትፈላለጋላችሁ።

ከባለቤትሽ ጋር ልጁ ፊት አትከራከሩ። እሱ ካልተዋጠለት ዘንድሮ ይቅር፤ ግን ዝም ብሎ «አይሆንም» አይባልም። የሰባት ዓመት ልጅ ምክንያት ሲነገረው ይገባዋል። በዚያ ማታ ሌላ የሚደሰትበት ነገርም አዘጋጁለት።

አንድ ነገር ልጨምር። ዕለቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ጥቅምት 21 ነው፤ የእመቤታችን ወርኃዊ በዓል። ጽጌም ገና አልወጣም። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ቤት ውስጥ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አድርሱ። ጽጌ የፈቃድ ጾም ስለሆነ በከረሜላው አትጨናነቂ። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ግን ወተት ያለበትን ቸኮላት ራሱ ለይቶ ለማግስቱ ያስቀምጥ። ማግስቱ እሑድ ሆኖ የሚቆርብ ከሆነ ደግሞ ከረጢቱ ቅዳሴ እስኪያልቅ አንቺ ጋ ይሁን።