ሞተር ከቀየርኩ ወዲህ የጀልባዬ ተሳቢ ይወዛወዛል

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ ጀልባዬን የምጭንበት ተሳቢ ድሮ ምንም ችግር አልነበረበትም። የጀልባዋን ሞተር አውጥቼ ከበድ ያለ ካስገጠምኩ በኋላ ግን ፍጥነት 80 ስገባ ኋላው ግራ ቀኝ ይላል፣ ትልቅ መኪና ሲያልፈኝማ መኪናዬን ራሱ ይዞኝ ሊሄድ ነው የሚመስለው። የጎማውን ንፋስ አይቻለሁ ደህና ነው። መወዛወዝ የሚከለክል ብረት አለ ግዛ አሉኝ፣ ልግዛ?

መልስ፦ ቆይ፣ ኪስህን አትንካ። ችግሩን ራስህ ነግረኸናል እኮ። ሞተሩ የሚሰቀለው ከአክስሉ ኋላ መጨረሻ ጫፍ ላይ ነው፣ እዛ ጋ ኪሎ ስትጨምር የተሳቢው አፍንጫ (ከመኪናው ጋር የሚገጠመው የፊት ጫፍ) ይቀላል፣ መኪናው መንጠቆ ላይ የሚያርፈው ክብደት ሲያንስ ደግሞ መወዛወዝ ይመጣል። ጀልባውም ነዳጁም ዕቃውም ተጭኖ ካለው ጠቅላላ ክብደት 10 ፐርሰንት አካባቢ መንጠቆው ላይ ቢያርፍ ጥሩ ነው፣ 1500 ኪሎ ከሆነ 150 ማለት ነው። 15 ፐርሰንት ካለፈ ሌላ ጣጣ አለው፣ የመኪናው ኋላ ቁጭ ይልና መሪውም የፊት ፍሬኑም ይቀልብሃል። መንጠቆህ ስንት ኪሎ እንደሚችልም እይ፣ ከሱ ማለፍ የለም።

ለመለካት የቤት ሚዛን ይበቃል። ሜዳ ቦታ አቁመህ ጎማው ስር ታኮ አድርግና ከመኪናው ፍታው፣ ከዛ አፍንጫውን ሚዛኑ ላይ አሳርፈው፣ ግን ከመኪናው ጋር ሲገጠም በሚሆንበት ከፍታ ይሁን፣ ብዙ ሰው ክሪኩን ከፍ አድርጎ ይለካና ከእውነቱ ያነሰ ቁጥር ያነባል። ሚዛኑ እንዳይሰበር ከፈራህ ጠንካራ ጣውላ አንዱን ጫፍ ድንጋይ ላይ ሌላውን ሚዛኑ ላይ አድርግ፣ አፍንጫውን ከድንጋዩ በኩል ሲሶው ላይ አሳርፍና ያነበብከውን በ3 አባዛ።

ካነሰ መጀመሪያ ዕቃውን ወደፊት አምጣ፣ መልህቅ ባትሪ ምናምን። ካልበቃ ዊንቹ (ጀልባውን ስቦ የሚይዘው መጠቅለያ) ያለበትን ምሰሶ ቡሎኑን አላልተህ ወደፊት ግፋና ጀልባውን አስጠጋ። 1200 ኪሎ ጀልባ በ10 ሳንቲም ሲጠጋ፣ ከአክስሉ እስከ መንጠቆው 5 ሜትር ቢሆን፣ 24 ኪሎ ይጨምርልሃል፣ ስለዚህ ትንሽ ትንሽ እያልክ ለካ። አክስሉን ወደኋላ ማንሸራተትም ይሠራል፣ እሱን ግን ለባለሙያ ስጠው፣ ጠማማ ከገባ ጎማህን ይበላዋል።

ሌላው፣ የነዳጅ ታንከሩ ኋላ ከሆነ ሞልተህ ለካ፣ 100 ሊትር ቤንዚን 75 ኪሎ ገደማ ነው። እስክታስተካክለው ፍጥነት ቀንስ፣ ከተወዛወዘብህም ፍሬን አትርገጥ፣ ነዳጁን ለቀቅ አድርገህ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ።