«ልጄ ለነፍሰ ገዳይ ቪዲዮ ትሠራለች»

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የ16 ዓመት ልጄ የእውነተኛ ወንጀል ተከታታይ ፊልም እያየች እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ትቆያለች። ሰሞኑን የአሜሪካዊውን ነፍሰ ገዳይ የጄፍሪ ዳህመርን ምስል በዘፈንና በልብ ምልክት አቀናብራ ቲክቶክ ላይ እንደለጠፈች አየሁ። «ሁሉም ይሠራዋል» አለችኝ። ስልኳን ነጠቅኳት፤ ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። አክስቷ ጠበል ውሰጃት ትለኛለች። ልጄ ምን ሆና ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ በመጀመሪያ ልብዎ ይረጋ። እንዲህ ያለ ቪዲዮ መሥራት ብቻውን የአእምሮ ሕመም ምልክት አይደለም። ቪዲዮውን ደግመው ይዩትና ፊቱን ልብ ይበሉ። እንዲህ ባሉ ቪዲዮዎች ብዙ ጊዜ የሚታየው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው የኔትፍሊክስ ድራማ ዳህመርን ሆኖ የተወነው ኢቫን ፒተርስ ነው። ድራማው 10 ክፍል አለው፤ በዚያ ሁሉ ሰዓት የገዳዩን ልጅነትና ብቸኝነት ቀርቦ ያሳያል። ብቸኝነትን ደግሞ የ16 ዓመት ልጅ በደንብ ታውቀዋለች። በዚያ ላይ ቪዲዮዋን አይተው ላይክ የሚያደርጉላት እኩዮቿ አሉ። ስልኩን ሲነጥቋት አብረው የሄዱባት እነሱ ናቸው፤ ኩርፊያው የከረረው ለዚህ ይመስለኛል።

ነገሩን ግን ማቃለል አይገባም። ዳህመር ከ1978 እስከ 1991 ድረስ 17 ወንዶችንና ታዳጊዎችን ገድሏል፤ ከእነሱ መካከል ገና 14 ዓመታቸው የነበሩ አሉ። የአንዱ ሟች እህት በ1992 ፍርድ ቤት ቆማ ያሰማችው ጩኸት በድራማው ውስጥ ልብሷና ፀጉሯ ሳይቀር ተመስሎ ተሠርቷል፤ አስቀድሞ ያነጋገራት ሰው እንዳልነበረ ራሷ በይፋ ተናግራለች። ልጅዎ ይህን ሳትሰማ ቀርታ ሊሆን ይችላል፤ እነዚያ አጫጭር ቪዲዮዎች ውስጥ ሟቾቹ የሉምና።

ስለዚህ ሟቾቹን ወደ ወሬው ያምጧቸው። «ለምን ታያለሽ?» ብለው አይጀምሩ፤ የሚያገኙት መልስ «ዝም ብዬ» ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ «የምትወጂውን አንድ ክፍል አሳዪኝ» ይበሏት። አንድ ብቻ። እያያችሁ አይገሥጿት፣ አያቋርጧት። ሲያልቅ «እዚህ ላይ የሞተው ልጅ ስሙ ማን ነበር?» ብለው ይጠይቁ። ካላወቀች አብራችሁ ፈልጉ። ቀጥሎ «እናቱ ቪዲዮሽን ብታየው ምን የሚሰማት ይመስልሻል?» ይበሉ። ይህን ጥያቄ በቁጣ ካነሱት ክስ ይሆንና በሯን ትዘጋለች። ዝም ካለች ዝምታውን ይተዉላት። ለቅሶ ቤት ይዘዋት ሄደው ከሆነ እዚያ ድምፅ ዝቅ እንደሚደረግ ታውቃለች። ቪዲዮውን የማጥፋቱን ውሳኔ ለእሷ ይተዉላት።

የእንቅልፉ ነገር ግን ለእሷ ብቻ የሚተው አይደለም። አንዱ ክፍል ሲያልቅ ቀጣዩ በራሱ ይጀምራል፤ ደክሟት ሳለ ማቆም የሚከብዳት በዚህ ነው። በኮምፒውተር ኔትፍሊክስን ከፍታችሁ፣ አካውንት ውስጥ የእሷን ፕሮፋይል ምረጡና በፕሌይባክ ሴቲንግ ስር ቀጣዩን ክፍል በራሱ የሚያስጀምረውን ምልክት አንሱ። ይህንን አብራችሁ አድርጉት፤ ተደብቀው ካጠፉት በማግስቱ መልሳ ታበራዋለች። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ስልኮች ሁሉ ሳሎን ቻርጅ ይደረጉ፤ የእርስዎም ጭምር።

ባለሙያ ዘንድ መሄድ የሚያስፈልገው ለታሰረ ገዳይ ደብዳቤ መጻፍ ከጀመረች፣ በሟቾች ሥቃይ ከተደሰተች፣ እንስሳ ካሠቃየች፣ ወይም ከ2 ሳምንት በላይ እንቅልፍ አጥታ ከትምህርትም ከጓደኞቿም ከራቀች ነው። ያኔ የልጆች ሐኪሟን ወይም የትምህርት ቤቷን ካውንስለር ያነጋግሩ። ራሷን ስለመጉዳት ካነሳች ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ራሳቸውን ለመጉዳት ለሚያስቡ ሰዎች በተዘጋጀው የእርዳታ መስመር በ988 ይደውሉ ወይም ቴክስት ያድርጉ። ሌላ ሰው ለመጉዳት ከዛተች ወይም አደጋው ፊት ለፊት ከሆነ 911 ነው። ጠበል ራሷ ፈቅዳ በእምነት ብትሄድ መልካም፤ እንደ ቅጣት ከወሰዷት ግን «እብድ ነሽ» ያሏት ይመስላታል።

ስልኩን ዛሬውኑ ይመልሱላት። ሲሰጧት የምትሰማው የመጀመሪያው ቃል «ስለፈራሁ ነው የወሰድኩብሽ» የሚል ይሁን። ስለ ቪዲዮው ማውራቱ ለቅዳሜ ይቆይ።