«ሥነ ውበት» የውበት ሳሎን ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። አንድ የፍልስፍና ጽሑፍ ስተረጉም «የሥነ ውበት ፈላስፎች» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ አይቶ «ምነው፣ ሳሎን ከፈቱ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ቃሉን ልቀይረው? ከሥነ ጥበብና ከኪነ ጥበብስ በምን ይለያል?

መልስ፦ ጓደኛዎ ቢቀልድም ነጥብ አለው። በግእዝ «ሥን» ራሱ ውበት ማለት ነው። ዛሬ «ሥነ» የትምህርት ዘርፍ መጠሪያ ሆኖ ሥነ ልቦና፣ ሥነ ምድር እንላለን እንጂ፣ የግእዝ ጆሮ ላለው ሰው «ሥነ ውበት» የውበት ውበት ነው። እሱስ ባልከፋ። የሚያሳስተው «ውበት» የሚለው ነው።

ስለ ውበትና ስለ ጥበብ ለሚጠይቀው ለዚህ የፍልስፍና ዘርፍ በ1735 እ.ኤ.አ. «ኤስቴቲክስ» የሚል ስም ያወጣለት ጀርመናዊው ፈላስፋ ባውምጋርተን ነው። ቃሉን ያገኘው ከግሪክ ሲሆን፣ የግሪኩ ፍቺ በስሜት ሕዋሳት ማወቅ ነው፤ ማየት፣ መስማት፣ መዳሰስ። ውበት የሚል የለበትም። ውበትና ጥበብ ዘርፉን የወረሱት ኋላ ነው። በ1917 ደግሞ ፈረንሳዊው አርቲስት ማርሴል ዱሻምፕ አንድ የወንዶች መሽኛ ገንዳ ላይ በሐሰት ስም ፈርሞ ኒውዮርክ ለነበረ ኤግዚቢሽን አቀረበው። አዘጋጆቹ ሳያሳዩት ቀሩ። ፈላስፎቹ ግን ተወጠሩ፤ ገንዳ ጥበብ ከሆነ፣ ጥበብ የሚያሰኘው ምኑ ነው? አሜሪካዊው ፈላስፋ አርተር ዳንቶ በ1964 መልሱን ከዕቃው ላይ ሳይሆን ዕቃውን ከከበበው የጥበብ ታሪክና ንድፈ ሐሳብ ፈለገ። ባህል ወደ ዘርፉ በዚህ በር ገባ።

የእኛ «ባህል» እዚህ ላይ ደስ ይለኛል። የፈረንጆቹ «ካልቸር» ከእርሻ የመጣ ነው። የእኛው ግን ከግእዙ «ብህለ»፣ «አለ» ከሚለው ግሥ ነው። ሰው የሚለው፣ ሲባል የኖረ። ዳንቶ ይህን ቢሰማ የሚወደው ይመስለኛል።

«ጥበብ»ም ሰፊ ነው። የሊቁ ማስተዋል ጥበብ ነው፤ ሸማኔው ቀሚሱ ጠርዝ ላይ የሚያወጣው ጥለትም ጥበብ ነው። ለሥዕልና ለቅርጻ ቅርጽ «ሥነ ጥበብ» ይበሉ። ሙዚቃና ቴአትር ሲጨመሩ «ኪነ ጥበብ»።

«የሥነ ውበት ፈላስፎች» የሚለውን አይንኩት፣ ለምዷል። ስለ ገንዳው ሲጽፉ ግን «የሥነ ውበት ጥያቄ» ይበሉ እንጂ «የውበት ጥያቄ» አይበሉ። ዱሻምፕም ያምራል ብሎ አልመረጠውም።