ግንቡ 25 ሜትር ብቻ ነበር

ልጆች፣ እኔ ደሴና ኮምቦልቻ መሃል ሜትሮ ስጎትት ያረጀሁ ቀያሽ ነኝ። ሰሞኑን ዘጠነኛ ክፍል የሆነው የጎረቤቴ ልጅ ደብተሩን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ይሄ ኳድራቲክ የሚሉት ግን ምን ይሠራል?» አለኝ። ኳድራቲክ ማለት ያልታወቀው ቁጥር፣ ኤክስ፣ በራሱ ተባዝቶ (ኤክስ ስኩዌር ሆኖ) የሚገባበት እኩልታ ነው። ሳቄ መጣ። ወጣት ሳለሁ ሰው ፊት ያዋረደኝ እሱ ነዋ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ኮምቦልቻ ላይ በሬ የሚያደልቡ አንድ ሀጂ 60 ሜትር ሽቦ ገዝተዋል። በአንዱ በኩል የድንጋይ ግንብ ስላለ ሽቦው የሚያጥረው ሦስቱን ጎን ብቻ ነው። የፈለጉት 400 ካሬ በረት። ወረቀት አወጣሁ። ከግንቡ የሚነሱት ሁለቱ ጎኖች እያንዳንዳቸው ኤክስ ይሁኑ፤ ለፊት ለፊቱ የሚተርፈው 60 ሲቀነስ 2ኤክስ ነው፤ ሁለቱ ሲባዙ 400 መምጣት አለባቸው። ሲጣራ፣ ኤክስ ስኩዌር − 30ኤክስ + 200 = 0። ተደምረው 30፣ ተባዝተው 200 የሚሆኑት 10 እና 20 ናቸው። 10 ቀድሞ መጣልኝና እዚያው ዘጋሁት። 10 በ40። ለቆፋሪዎቹ ልኩን ሰጥቼ ሻይ ልጠጣ ሄድኩ።

ስመለስ ሀጂ ግንቡ ጫፍ ላይ ቆመዋል። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ግንብ እኮ 25 ሜትር ነው። የቀረውን 15 ሜትር በምን ልታጥርልኝ ነው፣ በጋቢዬ?»

የተቆፈረው ሁሉ ተደፈነ። የሚሆነው 20 በ20 ነበር። ሂሳቡ አልተሳሳተም፣ ሁለቱም መልስ ልክ ነው፤ ግን እኩልታው ግንቡን አላየውም። ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ክፍል ውስጥ «ኔጌቲቩን ጣሉ» ትባላላችሁ፣ ጥሩ፤ ሁለቱም ፖዘቲቭ ሲመጡ ግን የሚመርጥላችሁ መሬቱ ነው።

ደግሞ ከመጻፋችሁ በፊት ሣሉት። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ የነበረው አል ኸዋሪዝሚ እንኳ ይህንን ሂሳብ ያስረዳው አራት ማዕዘን እየሣለ ነው። ሥዕል የናቀ ሰው ምን እንደሚገጥመው ልንገራችሁ። ቤቱ 8 በ10 ነው፤ ዙሪያውን እኩል ስፋት ባለው ንጣፍ ማልበስ ትፈልጋላችሁ፤ እጃችሁ ላይ ያለው 40 ካሬ ነው። ብዙ ግንበኛ የቤቱን ዙሪያ 36 ይልና 40ን ለ36 ያካፍላል፣ 1 ሜትር ከ11 ሳንቲ ይመጣለታል። አራቱን ማዕዘን ረሳ! በዚያ ስፋት ወደ 45 ካሬ ይፈልጋል፣ መጨረሻ ላይ 5 ካሬ ያጥረዋል። ሥዕሉ ላይ ግን የንጣፉ ስፋት ኤክስ ሲባል ትልቁ አራት ማዕዘን 8 ሲደመር 2ኤክስ በ10 ሲደመር 2ኤክስ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ይህ 120 (ቤቱ 80፣ ንጣፉ 40) ሲሆን ኤክስ ስኩዌር + 9ኤክስ − 10 = 0 ይወጣል። መልሱ ልክ 1 ሜትር። ሁለተኛውን መልስ፣ −10ን፣ እዚህ ጋ ያለ ሀሳብ ጣሉት።

ደሴ ላይ ደግሞ ዳገቱ አለ። ጦሳ ተራራ ስር ያለ ቦታ ላይ ሜትሮውን መሬት ላይ አስተኝታችሁ 20 ብታነቡ፣ ጫፍና ጫፉም በከፍታ 4 ሜትር ቢበላለጥ፣ ለካርታው የሚሆነው አግድሙ ልክ ነው፤ ከ20 ስኩዌር (400) ላይ 4 ስኩዌርን (16) ቀንሳችሁ ስኩዌር ሩት ስታወጡ 19.6 ገደማ ይሆናል። 40 ሳንቲ ደግሞ ጎረቤት ለማጣላት ከበቂ በላይ ነው፣ አይቻለሁ።

ሀጂ አልተቀየሙኝም። «አብሽር» ብለው በዓመቱ መልሰው ጠሩኝ፦ በዚያው 60 ሜትር ሽቦ ትልቁ በረት ስንት ይወጣዋል? ወረቀቱ 15 በ30፣ 450 ካሬ ይላል። ግንቡ ግን ያው 25 ነው። ስለዚህ 17.5 በ25 አደረግነው፣ 437.5 ካሬ። ለምን ከዚያ በላይ እንደማይሄድ የጎረቤቴ ልጅ እንዲሠራው ሰጥቼዋለሁ፤ እስካሁን አልመጣም።