ስለ ኮንታሚኔሽኑ ለጠየቅሽው፦ ከሁዱ በፊት ያለውን መንገድ እዪ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አሁን ከናይት ሺፍት ወጥቼ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት። «ሁሉንም እቃ በ70% አልኮል እየጠረግኩ ነው ሁድ ውስጥ የማስገባው፣ ባለፈው ሳምንት ግን ሲድ ትሬናችን ኮንታሚኔት ሆነ፣ ሱፐርቫይዘሬም የእጅሽ ችግር ነው አለኝ፣ ምኑን ነው የሳትኩት» ነው ያልሽው። (ለሌላው አንባቢ፦ ሁድ ንጹህ አየር የሚነፍስበት የመስሪያ ሳጥን ነው፣ ሲድ ትሬን ሴሎቹን ከትንሽ ጠርሙስ እያባዙ ወደ ትልቅ ታንክ ማድረስ ነው፣ ኮንታሚኔት ሆነ ማለት ባክቴሪያ ገባበት ማለት ነው።) እኔ እዚሁ ሜሪላንድ ሴል ካልቸር ማኑፋክቸሪንግ (ሴል አራብቶ መድሃኒት የመስሪያ ስራ) ላይ ዘጠኝ አመት ሊሞላኝ ነው፣ በነዚህ አመታት ሁለት ባች (አንድ ዙር ምርት) በገዛ እጄ አበላሽቻለሁ (የታወቁብኝ ሁለት ናቸው ሃሃ) ስለዚ ያየሁትን ልንገርሽ።

ከሁሉ በፊት ባክቴሪያው ምን ተባለ? ሰው ማን አበላሸው እያለ ሲሯሯጥ ይሄን መጠየቅ ይረሳል፣ ግን ማይክሮ ላብ የሚያወጣው ስም ግማሹን ታሪክ ይነግርሻል። ስታፍ ወይ ማይክሮኮከስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከሰው ቆዳ ነው፣ ግላቭና እጅጌ አካባቢ እዪ። ሱዶሞናስ ምናምን ከሆነ ውሃ ያለበትን ሁሉ ፈልጊ፣ በተለይ የቀዘቀዘ የሴል ቫያል (ትንሽ ጠርሙስ) የምታቀልጡበት ወተር ባዝ (የሞቀ ውሃ ገንዳ) ካለ እሱን፣ ክዳኑ ስር ገብቶ የቀረ አንድ ጠብታ ይበቃል። ባሲለስ ከሆነ ደግሞ ካርቶንና አቧራ ነው። የኔ የመጀመሪያው ባሲለስ ነበር።

እንዴት መሰለሽ፣ የፒፔት ካርቶን የተጫነበት ጋሪ ነበር፣ ካርቶኑን ውጪ አውርደን ፕላስቲኩን ብቻ ነው ያስገባነው፣ ጋሪው ግን ያው ጋሪ ነው። እኔ ደግሞ ቸኩያለሁ፣ ሴሎቹ ከኢንኩቤተር ወጥተው እየጠበቁኝ ነው፣ ፕላስቲኩን አልኮል ረጨት አደረግኩና ወዲያው በደረቅ ዋይፕ ጠራርጌ አስገባሁት። በኔ ቤት ንጹህ ነው። ችግሩ ስፖር የሚባለው ነገር (ባሲለስ ክፉ ጊዜ የሚያልፍበት ጠንካራ ቅርጹ) በአልኮል አይሞትም፣ 70% ብታደርጊው 90% ብታደርጊው ለሱ ምኑም አይደለም፣ ጠጥቶ እንደተኛ ሰው ሚዲያውን (የሴሎቹን ምግብ ፈሳሽ) እስኪያገኝ ይጠብቃል ከዛ ይነሳል። ስፖር የሚገድለው እንደ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድና ፐርአሴቲክ አሲድ ያለበት ስፖሪሳይዳል ነው፣ እሱም ሌብሉ ላይ የተጻፈው ደቂቃ እስኪሞላ እቃው ላይ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ረጭቶ ወዲያው ማድረቅ ማለት ምንም አለማድረግ ማለት ነው። እኛ አሁን ኤርሎክ (ወደ ንጹህ ክፍሉ የሚያስገባው ባለ ሁለት በር መተላለፊያ) ላይ ስፖሪሳይዳል፣ ሁድ ጋ ስንደርስ አልኮል ነው የምናደርገው፣ አልኮሉም የስፖሪሳይዳሉን ትራፊ ያነሳልሻል።

አጠራረጉም ራሱን የቻለ ሙያ ነው እኮ። ዋይፑን አራት አጥፊው፣ ከላይ ወደ ታች በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ አንዴ ከሳብሽ ወደ ንጹህ ገጹ ገልብጪ፣ ወደ ኋላ መልሰሽ እንዳትፈትጊ። የቦርሳው ስፌትና እጥፋት ላይ ነው ፈሳሹ የማይደርሰው፣ እዛ ጋ በጣትሽ ዘርጋ አድርጊው። ድርብ ቦርሳ ከሆነ የውጪው ኤርሎክ ላይ ይቀራል፣ የውስጡ ሁድ አፍ ላይ፣ ያለ ድርብ ቦርሳ የሚመጣ እቃ ካለ ለፐርቸሲንግ (ለግዢ ክፍሉ) ጮክ ብለሽ ተናገሪ።

ሁዱ ውስጥ ያለውን ትሬኒንግ ላይ ስላስተማሩሽ ብዙ አልልም፣ የፊት ግሪሉን (አየር የሚገባበትን ቀዳዳ) በወረቀትም በክንድም አትዝጊ፣ በተከፈተ ጠርሙስ አናት ላይ እጅ አይለፍ። አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ አገር ቤት ላብ የተማርን ሰዎች የጠርሙስ አፍ በእሳት መለብለብ ልማድ ሆኖብናል፣ ቢኤስሲ (ሁዱ ማለት ነው) ውስጥ እሳት አየሩን ስለሚረብሸው አይጠቅምም፣ ይጎዳል እንጂ። እኔ ይሄን ለመተው ወራት ፈጅቶብኛል።

ሁለተኛው ባች ቲዩብ ዌልድ (ሁለት የፕላስቲክ ቱቦ በሙቀት ማጋጠም) ላይ ነው የሄደው፣ ይሄ የባሰ ያመኛል። 50 ሊትሩን ታንክ ስናስጀምር ዌልድ አደረግኩ፣ ትኩስ ቢላው ሁለቱንም ቲዩብ ቆርጦ ያገጣጥማቸዋል፣ ውስጡ ለአየር ሳይጋለጥ፣ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው ቲዩቡ ደረቅና ንጹህ እስከሆነ ድረስ። የኔው ጫፉ ላይ ሚዲያ ነበረበት። የተጣበቀውን ዌልድ በአውራ ጣትና በሌባ ጣቴ አሽቼ ከፈትኩት፣ ፈሳሹ አለፈ፣ በቃ አልኩ፣ ዞር አድርጌ የታችኛውን በኩል አላየሁትም። ሌሊት ዘጠኝ ሰአት ላይ አላርም ጮኸ፣ ኦክስጅኑ ወርዷል፣ ጋዙ እስከ መጨረሻው ተከፍቶም አልቻለውም፣ ፒኤቹም እየወረደ ነው። ሳምፕል አውጥቼ ማይክሮስኮፕ ላይ ሳየው በሴሎቹ መሃል እንደ ጉንዳን የሚተራመስ ነገር። የኛ ቾ ሴል (ከሃምስተር የተገኘ ሴል) እጥፍ ለመሆን አንድ ቀን ገደማ ሲፈጅበት ባክቴሪያ ሲመቸው በ20 እና በ30 ደቂቃ ይራባል፣ አንድ ጭልፋ እርሾ ቡሃቃ ሙሉ ሊጥ እንደሚያቦካው ነው። ጠዋት ዌልዱን ገልብጠን ስናየው ከስሩ ስኳር የፈሰሰበት ይመስል የሚያጣብቅ ደረቅ ነጠብጣብ ነበረበት። ከዛ ወዲህ ዌልዱን ሙሉ ዙር አዙሬ ሳላይና ለስለስ አድርጌ ሳልስበው ክላምፕ (ቱቦውን ቆንጥጦ የሚዘጋውን) አልከፍትም፣ ቢያስቀይመኝም ሁለተኛ ሰው እንዲያይልኝ እጠራለሁ። ደግሞ ሲሊኮን ዌልድ አይደረግም፣ ዌልድ የሚሆን ቲዩብም ቢሆን የሁለቱ ውፍረት እኩል መሆን አለበት፣ ካልሆነ ስቴራይል ኮኔክተር ተጠቀሚ፣ እሱ ላይ አፎቹን የሸፈኑትን ሁለቱን ወረቀት እኩል አንድ ላይ ነው የምትስቢው።

ሱፐርቫይዘርሽ ስላለው ነገር፣ «የእጅ ችግር» ብሎ ዴቪዬሽን (የስህተት ምርመራ ሪፖርት) መዝጋት በጣም ቀላል ነው፣ ሪትሬይን ተደረገች (እንደገና ሰለጠነች) ይባላል አለቀ። የአውሮፓው የመድሃኒት አመራረት መመሪያ አኔክስ 1 ስቴራይል መድሃኒት ላይ ያተኮረ ቢሆንም በ2022 ሲታደስ (ስራ ላይ የዋለው ኦገስት 2023 ነው) ኮንታሚኔሽን ኮንትሮል ስትራቴጂ ይኑራችሁ ያለው ከእቃው ጀምሮ እስከ አየሩና ሰው ድረስ ሁሉም አንድ ላይ እንዲታይ ነው። አንቺ ያደረግሽውን በትክክል ጻፊ፣ ቸኩለሽም ከነበረ ጻፊው፣ ግን እቃው ከመጋዘን ጀምሮ በማን እጅ አልፎ እንደመጣም ይጻፍ በይ።

አይዲው (የባክቴሪያው ስም) ሲመጣ እዚሁ ጻፊልኝ። ባሲለስ ከሆነ የጋሪውን ጎማ ስዋብ እንዲያደርጉት (ጠርገው ናሙና እንዲወስዱ) ጠይቂ፣ እኛ ጋ ያገኘነው እዛ ነው።