የእህትሽን ታሪክ ሲቪሽ ላይ አትጻፊው

«የሕግ ተማሪ ነኝ፤ ዘንድሮ እመረቃለሁ። ታላቅ እህቴ በልጅነቷ ተገርዛለች፤ ስትወልድ ብዙ ተሠቃይታለች። እንደሷ ያሉ ሴቶችን የሚደግፍ ሕግ እንዲወጣ መሥራት እፈልጋለሁ። አባቴ ግን ‹ይኼ ጽድቅ እንጂ ሥራ አይደለም› ይለኛል። እውነት ሥራ ነው? ስለ እህቴስ ማመልከቻዬ ላይ ልጻፍ?»

እህቴ፣ አባትሽ በግማሹ ልክ ናቸው። «ተቆርቋሪ ነኝ» ላለ ሰው ደመወዝ የሚከፍል የለም። የሚከፈለው አንቀጽ አንብቦ ክፍተቱን ለሚያሳይና ረቂቅ ለሚጽፍ ነው።

የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አውጪ። አንቀጽ 565 ሴት ልጅን የገረዘ ሰው ከ3 ወር ባላነሰ ቀላል እስራት ወይም ከ500 ብር ባላነሰ መቀጮ ይቀጣል ይላል። (500 ብር! ዛሬ አዲስ አበባ ላይ አንድ ኪሎ ሥጋ አይገዛም።) አንቀጽ 566 የሴት ልጅን ብልት መስፋትን ከ3 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ የአካል ወይም የጤና ጉዳት ከደረሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት። ሁለቱንም ደጋግመሽ አንብቢ። የሚያወሩት ስለ ገራዧ ነው። ስለ እህትሽ ሕክምና፣ ማን አይዞሽ እንደሚላት አንድ መስመር የላቸውም።

አሁን አጠገባቸው የማፑቶ ፕሮቶኮልን (የአፍሪካ አገሮች የሴቶች መብት ስምምነት ነው) አንቀጽ 5 አስቀምጪ። ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም አጽድቃዋለች። እሱ መከልከል ብቻ አይበቃም ይላል፤ መንግሥት ለተጎጂዎች የጤና አገልግሎት፣ የሕግ ድጋፍ፣ የሥነ ልቦና ምክርና የሙያ ሥልጠና እንዲሰጥ ይጠይቃል። በእ.ኤ.አ. 2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶዎቹ ተገርዘዋል። ለነሱ ክልከላው አልደረሰላቸውም። ያንቺ እንጀራ ያለው እዚህ ክፍተት ላይ ነው።

ስለዚህ ከመመረቅሽ በፊት ሁለት ገጽ ጻፊ። ምን ይጎድላል? በየትኛው ሕግ ወይም መመሪያ ይሟላ? የትኛው መሥሪያ ቤት ያስፈጽመው? በጀቱስ ከየት ይምጣ? የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይዘላታል፤ የምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው እሷን ነው።

እህትሽን ግን ተያት። አንድ ጊዜ የቃለ መጠይቅ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። አንዲት ልጅ የእናቷን ታሪክ ነገረችን፤ አለቀሰች፤ እኛም ሶፍት አቀበልናት። ከዚያ «የትኛው አንቀጽ ቢሻሻል ትያለሽ?» ተባለች። ዝም። በጣም ነው ያሳዘነችኝ። ሥራው ግን ለሌላ ሰው ሄደ። ደግሞም ታሪኩ የእህትሽ ነው። እሷ ሳትፈቅድ ፋይል ውስጥ ገብቶ በማያውቋት ሰዎች እጅ መዞር የለበትም።

የት ታመልክቻለሽ? የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን፣ የሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር። የድሮው የበጎ አድራጎት አዋጅ ከ10 በመቶ በላይ ገንዘቡን ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር። በ2011 ዓ.ም በአዋጅ 1113 ተተክቷል፤ በሩ ከበፊቱ ሰፍቷል። አፋርኛ ወይም ሶማልኛ የምትችይ ከሆነ ሲቪሽ ላይ ከላይ ጻፊው፤ ግርዛት በብዛት ያለው እነዚህ ክልሎች ውስጥ ነው።

አንድ ዓመት ወረዳ ብትሠሪም አይቆጭሽ። ግርዛትን በመታገል የሚታወቁት ቦጋለች ገብሬ ወደ ትውልድ አካባቢያቸው ከምባታ ሲመለሱ ሕዝቡ መጀመሪያ የጠየቃቸው ድልድይ ነበር። ድልድዩን አሠሩ፤ ስለ ግርዛት ሲያወሩ የሚሰማቸው ያገኙት ከዚያ በኋላ ነው።

ለአባትሽ ደግሞ የጥብቅና ፈቃድሽንም እንደምታወጪ ንገሪያቸው። ይረጋጋሉ።